ለማይታዩ እንግዶች የቀረበ አተላ

አክስቴ ቤት «በቃኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው «በቃኝ» እንደ ይሉኝታ ይቆጠራል፣ ሁለተኛው እንደ ጥሩ አስተዳደግ፤ ሦስተኛው ላይ «በሞቴ!» ትልና ጉርሻውን ወደ አፌ ትልከዋለች። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ጨዋታውን አሳምሬ ስለማውቀው ርቦኝም እምቢ እላለሁ፣ ጠግቤም እምቢ እላለሁ። የትኛው እምቢታዬ እውነተኛ እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ጨከን ብዬ «አሁንስ የምሬን ነው» ያልኳት አንድም ቀን ትዝ አይለኝም። ብላት ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

አክስቴ የምትኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ የሳሩ ሜዳ በሚጀምርበት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት አንዲት የምትታለብ ላም፣ የምታከራየው አንድ ክፍል ቤት፣ ከግቢዋ ግርጌ ደግሞ አንድ ምንጭ ነው። ቧንቧ ሰፈሩ ውስጥ ገብቷል፤ ግን ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ከእሷ ምንጭ ይቀዳ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጄሪካን የያዙ ሴቶች በግቢዋ ሲያልፉ አንዷን በኦሮምኛ፣ አንዷን በአማርኛ፣ አብዛኞቹን በሁለቱም እያቀላቀለች ታናግራቸዋለች። ያመመው ሰው፣ የወለደች ላም፣ ከባሏ የተጣላች ሚስት፣ ሁሉም ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሷ ነው። ሬዲዮ ለምን አትገዢም ስላት «ምንጬ ይበቃኛል» ትለኝ ነበር።

እኔ የምሠራው ሰበታ ነው፣ በአንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል ውስጥ። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ባክቴሪያ አበላለሁ» እላለሁ፣ ሰውም ይስቃል። ቀልድ ግን አይደለም። እዚያ ያለው ትልቅ ገንዳ በዓይን በማይታዩ ፍጥረታት የተሞላ ነው፣ የእኔም እንጀራ የተመሠረተው እነሱ በልተው በማደራቸው ላይ ነው። ሲርባቸው አይሠሩም። ሲጠግቡ ደግሞ ይባልጋሉ። ሁለተኛውን ነገር ለአክስቴ ሳልነግራት ቀረሁ።

የአክስቴ ተከራይ ከደቡብ የመጣች፣ ድምጿ የማይሰማ፣ እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤቷ የማትቀር ወጣት ነበረች። ሱሉልታ ውስጥ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የታሸገ ውሃ በካርቶን ስትደረድር ውላ፣ ማታ ጄሪካኗን ይዛ ወደ አክስቴ ምንጭ ትወርዳለች። ልጇን የወለደችው እዚያው ግቢ እያለች ነው። ባልየው ከመውለዷ በፊት ሥራ ፍለጋ እንደሄደ አልተመለሰም፤ ስለዚህ ገንፎውን ያገነፋችው፣ ሕፃኑን ያጠበችው፣ ሲያለቅስ ተነስታ ያባበለችው አክስቴ ነበረች። የወሊድ ፈቃዱ አልቆ እናትየው ሥራ ስትገባ ልጁ ከአክስቴ ጋር መዋል ጀመረ። ስሄድ አገኛታለሁ፣ እሱን አዝላ ላሟን ስታልብ። እንዲህ ደስ ብሏት ያየሁበትን ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

ጥቅምት ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከሥራ የያዝኩት የውሃ መመርመሪያ ወረቀት ነበር፣ እኔም ከልማድ የተነሳ አንዷን መዝዤ ምንጩ ውስጥ ነከር አደረግኋት። ወረቀቷ እንደ ቀይ ሥር ቀላች። ያ ቀለም ናይትሬት በዝቷል ማለት ነው። ከላይ ያለው የድንች ማሳ በየዓመቱ ማዳበሪያ ይደፋበታል፣ የአክስቴም የፍግ ክምር ከምንጩ በላይ ነው፤ ክረምቱ ሁለቱንም አጥቦ ወደ ታች ይልካል። አዋቂ ሰው ብዙም አይጎዳውም። በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ግን ሌላ ነው፤ ናይትሬቱ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ ልጁ ከንፈሩ እየጠቆረ ይታፈናል። የልጁ የዱቄት ወተት ደግሞ የሚበጠበጠው በዚሁ ውሃ ነበር፣ ተፈልቶ። ማፍላት ለናይትሬት ምንም እንደማይጠቅም፣ እንዲያውም ውሃው እየተነነ እንደሚያጠነክረው ለአክስቴና ለእናትየው ነገርኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው ለልጇ ውሃ ከቦኖ መቅዳት ጀመረች። ቦኖው ዳገቱ ላይ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ናት። አንድ ቀን በጣም ቢደክማት እኔ ባለሁበት እንዲህ አለች፦ «እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ እንዲህ ከሆነ እህቴ ጋ ሰበታ ብሄድ ሳይሻል አይቀርም። እዚያ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው።»

አክስቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ አሁንም አለ፣ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል።

«እስከ ገና ታገሺ» አልኩ። «ምንጩን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማን ገና በል አለኝ? ፋሲካ ማለት እችል ነበር። አላውቅም ማለትም እችል ነበር። የተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል ዘመዶቹ ፊት የሚያንስ ይመስለዋል።

ምን እንደማደርግ ግን አውቅ ነበር። ናይትሬትን የሚያጠፋው ባክቴሪያ ከየትም አይመጣም፣ አፈሩ ውስጥ አለ። አየር በሌለበት ቦታ ሲታፈን ናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየነጠቀ ይተነፍሳል፣ የሚተርፈው ናይትሮጅን ደግሞ አየር ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ማንንም አይጎዳም፤ የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው እሱ ነው። ችግሩ ባክቴሪያውም እንደማንም ፍጡር ካልበላ አይሠራም። ስለዚህ ከምንጩ በላይ ቁልቁለቱን የሚያቋርጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀስ እያለ የሚበሰብስ ምግብ መሙላት ነው። ውሃው ወደ ምንጩ ሲወርድ በዚያ ውስጥ እያለፈ ይጸዳል።

ቡራዩ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን ከሚሠራ ቤት ሰጋቱራ በጆንያ በጆንያ ጭኜ አመጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ እያለ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ጎረቤቷ ቁፋሮውን አገዙኝ። ኅዳር ላይ ጉድጓዱን በሰጋቱራ ሞላነው፣ ጥቂት ፍግ ጣል አደረግሁበት፣ አፈር አለበስነው። አንዱን ጫፍ ብቻ ለክትትል ብዬ በቆርቆሮ ከደንኩት። ያቺን ቆርቆሮ ባላደርግ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየን ነበር። «ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምግባቸው ነው።»

«እንጨት? እንግዳ ጠርተህ እንጨት ታቀርባለህ?»

ሳቅሁ፣ ሳቄም ደስ አላት። ከዚያ ለማስረዳት ፋብሪካችን ያጋጠመንን አወራኋት። አንድ ጊዜ ባክቴሪያዎቻችን ሞላሰስ ብቻ እየበሉ ፎስፈረስ አጥሯቸው ሥራቸውን ግማሽ ላይ አቋርጠውት ነበር። ናይትሬቱን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ለውጠው እዚያው ተዉት፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ነው። ፎስፈረሱ ትንሽ ሲገባላቸው ግን ተነስተው ጨረሱት። «እሱ ለነሱ እንደ ወጥ ጨው ነው» አልኳት። «ምግብ ቢሞላም ያለ ጨው ግማሽ በልተው ይነሳሉ። ፍጉን የጨመርኩት ለዚያ ነው።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ በደንብ ገብቷት። እኔም ጎበዝ አስረጂ ነኝ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። ስለ ማጣት አንድ ሙሉ ከሰዓት አወራሁ፣ ስለ መብዛት አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጠግቦ የማያውቅ ሰው ያለበት ቤት ማንም ስለ ጥጋብ አደጋ አያወራም መሰለኝ።

ታኅሣሥ ገባ። ሱሉልታ በታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነው የሚያነጋው፤ ብርድ ደግሞ ባክቴሪያን ያፈዛል። በየሳምንቱ እየሄድኩ ወረቀቴን እነክራለሁ፣ ቀለሙ ይቀንሳል፣ ግን ሲቀንስ ለዓይን አይሞላም። እናትየው ከቦኖ መቅዳቷን ቀጠለች። አክስቴ ደግሞ መደወል ጀመረች፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ።

«አከም ቡልቴ፣ ልጄ? እነዚህ እንግዶችህ ዛሬም አልበሉም?»

«እየበሉ ነው። ብርድ ስለሆነ ቀስ ብለው ነው።»

«ቀስ ብሎ የሚበላ ምግቡ አልጣመውም ማለት ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት።

«እንቁላሉ እስኪሄድ ልጁ ይሄድብኛል!»

እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ስልኩን ይዤ ከት ብዬ ሳቅሁ፣ አጠገቤ ላሉት የሥራ ባልደረቦቼም ደግሜ ነገርኳቸውና አብረን ሳቅን። ሴትየዋ የነገረችኝ ግን ያላትን ፍርሃት ሁሉ ነበር፣ አንድም ቃል ሳታስቀር።

ከዚያ ለገና ጠላ እየጠመቀች እንደሆነ ነገረችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦ «ከአተላው ትንሽ ብሰጣቸውስ?»

«ኧረ በቃቸው! ያለው ይበቃቸዋል፣ አትድከሚ።»

«ምንም አይሉህም እኮ፣ ትንሽ ብቻ።»

«በቃቸው አልኩሽ።»

«እሺ» አለች።

ያንን «እሺ» ማወቅ ነበረብኝ። ሳህኔን በእጄ ስከልል «እሺ» ትልና ዞር ትላለች፤ ወጥ ጨምራ ለመመለስ ነው እንጂ ለመተው አይደለም። ዕድሜ ልኬን «በቃኝ» ብያት ዕድሜ ልኬን በልቻለሁ። የእኔ «በቃ» በቃ ማለት እንዳልሆነ ያስተማርኳት እኔው ራሴ ነኝ። ስለ እንግዶቹ የተናገርኩትንም በዚያው መዝገብ አስገባችው፤ እሱ ይሉኝታ ይዞት ነው፣ እንዳልደክም አስቦ ነው ብላ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ መጀመሪያ አንድ ባልዲ አተላ ነበር። በማግስቱ ሁለት። የላሟ ድርሻ ነው፣ ላሟም አጥር ላይ ሆና ታይ ነበር አሉ። አተላው ሲያልቅ ለላሟ የገዛችውን ፋጉሎ በጥብጣ አፈሰሰች፣ ፉሩሽካ አስከተለች። ጨው ጨመረች፤ «ያለ ጨው ግማሽ በልተው ይነሳሉ» ብሏታላ የተማረው! ቆርቆሮዋን እያነሳች «ኛዻ፣ ኛዻ፣ ብሉ እንጂ» ትላቸው እንደነበር ኦቦ ናቸው ያጫወቱኝ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር። አላሳቁኝም።

የገና ማግስት ስደርስ ሽታው የተቀበለኝ ገና በሩ ላይ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ። ምንጩ ግራጫ ሆኗል፣ ድንጋዮቹ ጥቁር ዝቃጭ ለብሰዋል። አክስቴ የበዓል ቀሚሷን እንደለበሰች ወርዳ አጠገቤ ቆመች፣ ፊቷ በርቷል።

«ንከረው» አለችኝ። «በሞቴ ንከረው።»

ነከርኩት። ወረቀቱ ነጭ ወጣ። ንጹሕ ነጭ፣ ቅንጣት ናይትሬት የለም።

«ጨረሱት አይደል? አላልኩህም? ሽታው እንደሆነ ይለቃል።»

ናይትሬቱንማ ጨርሰውታል። እንዲያ ያለ ድግስ ተደግሶላቸው በምን አቅሙ ይተርፋል። ናይትሬቱ ሲያልቅ ግን ምግቡ አላለቀም። ያን ጊዜ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ይነሳል፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ይተነፍሳል፣ ያንን ሽታ ያወጣል። ፋጉሎው ራሱም ሲበሰብስ ሌላ ናይትሮጅን ይጨምራል፤ ልናባርረው የለፋንለትን በሌላ በር ጋብዘን አስገባነው። ይህን ሳልነግራት አክስቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለተከራይዋ ልታሳያት ወደ ላይ ሮጠች፤ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ዳገት።

ተከራይዋ ልጇን አቅፋ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፣ በነጠላዋ ጠርዝ አፍንጫውን ሸፍናለት። ወረቀቱን ተቀበለች፣ አየችው፣ መለሰችላት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ፣ ለፍተዋል» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ምንጩ አንስታ አታውቅም። እንደምትሄድ እኔ ያኔ ገባኝ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰበታ እህቷ ጋ ሄደች። ዕቃዋ አንድ ባጃጅ አልሞላም። አክስቴ ልጁን ራሷ አሳዘለቻት፣ አንቀልባውን አጠበቀች፣ ላላ አደረገች፣ እንደገና አጠበቀች። ባጃጁ ሲነሳ ልጁ አንገቱን አዙሮ ወደ እሷ እጁን ዘረጋ። «ኢልማ ኮ» አለች አክስቴ፣ የኔ ልጅ ማለቷ ነው። ከዚያ ገብታ ላሟን አለበች፣ ያለ ሰዓቱ።

እኔ ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ ጉድጓዱን ዛቅኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሽታ አሽትቼ አላውቅም፤ ግን ሽታው ደስ ይለኝ ነበር፣ የሚገባኝ መሰለኝ። አዲስ ሰጋቱራ ሞላሁ፣ ቆርቆሮዋን አንስቼ ጣልኳትና ሁሉንም በአፈር ደፈንኩ። የፍጉን ክምር ከምንጩ በታች አዞርኩት። ብርዱ አለፈ፣ መሬቱ ሞቀ፣ ባክቴሪያውም በራሱ ጊዜ፣ ማንም «በሞቴ» ሳይለው ሥራውን ሠራ። ግንቦት ላይ ውሃውን በጠርሙስ ይዤ ሄጄ በላቦራቶሪያችን በሚገባ መረመርኩት። ናይትሬቱ ዝቅ ብሏል፣ ናይትራይት የለም፣ ሽታ የለም። የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ነበር።

ምንጩ ከሸተተ ወዲህ የሸሹት ጎረቤቶች ግን አልተመለሱም። በእነዚያ ወራት ቦኖውን ለምደውታል፣ ወሬውም ወደዚያ ዞሯል። ጠዋት በአክስቴ ግቢ የሚያልፍ ሰው የለም። ውሃው ደህና ነው ብላ ስትነግራቸው «ደስ ይላል እማማ» ይሏትና በዚያው በዳገቱ ይሄዳሉ። ያንን እንኳ ብዙም ልብ ያለችው አይመስለኝም። እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ለልጁ እንውሰድለት» አለችኝ አንድ እሑድ። በትንሽ ጄሪካን ሞልታ፣ አፉን በላስቲክ አስራ አዘጋጅታለች። ሰበታ ቧንቧ እንዳለ ልነግራት ፈለግሁና ተውኩት። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ፣ በየታክሲው ጄሪካኗን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ረዳቱ ከኋላ ላስቀምጥልዎት ቢላት አልሰጠችውም።

ተከራይዋ ስታየን ደነገጠች፣ ከዚያ እግሯ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። አልረሳቻትም። ልጁ አድጓል፣ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። አክስቴ እጇን ዘርግታ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና» ስትለው ትክ ብሎ አያት፣ ከዚያ ጮኾ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠ። «አሁን አሁን ሰው እየፈራ ነው እማማ፣ ሁሉንም ነው» አለች እናትየው ቶሎ ብላ። «ደግ ነው፣ ልጅ ሲያውቅ ነው የሚፈራ» አለች አክስቴ። እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ስለ ውሃው እኔ አስረዳሁ። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው፣ እኔው መርምሬዋለሁ አልኩ። እናትየው ጄሪካኗን በሁለት እጇ ተቀብላ «ጌታ ይባርክዎት፣ ይኼን ሁሉ መንገድ!» አለች። ተጫወትን፣ ምሳ በላን፣ ተነሳን።

ከግቢው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አክስቴ ቆመች። «ልጁ ጥርስ ሲያወጣ የሚደረግለትን ሳልነግራት!» አለች። ተመለስን። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። እናትየው ደጃፏ ላይ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብላ የልጁን ልብሶች ዘፍዝፋለች፤ ከጄሪካናችን እየቀዳች ነበር የምታፈስበት፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ተነስታ ባዶውን ጄሪካን ከቧንቧው ሥር አጠበችው፣ ሁለት ጊዜ። ክፋት አልነበረባትም። ፊቷ ላይ የነበረው የሥራ ድካም ብቻ ነው።

አክስቴ እጄን ያዘችና ወደ መንገዱ መለሰችኝ።

ታክሲ ውስጥ «እኔም እሷን ብሆን አላጠጣውም ነበር» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ። ውሃው ንጹሕ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ያደርግላታል?

አንድም ቀን ጥፋተኛው አንተ ነህ ብላኝ አታውቅም። ለጎረቤት ስታወራም የምትለው «እኔ በችኮላዬ አበላሸሁት» ነው። ሦስት ጊዜ ልነግራት ሞክሬያለሁ፣ ስልክ ላይ በደንብ ብነግርሽ ኖሮ፣ ስቄ ባላልፈው ኖሮ እያልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ተው እንጂ፣ ይልቅ ብላ» ብላ ወሬውን አስለወጠችኝ። እኔም በልቼ እመጣለሁ።